የጀልባ ቀዛፊው ሚስት

ሰው ወሬ ሲያወራ ዝም ብሎ መስማት የማይሆንለት፣ ጨዋታው ሊሞቅ ሲል «ቆይ፣ ቆይ! እንደሱ አይደለም» ብሎ ጥልቅ የሚል አራሚ የሌለበት ከተማ እስከ ዛሬ ተቆርቁሮ አያውቅም። መጀመሪያ ገበያ ይቆማል፣ ቀጥሎ ጠጅ ቤት ይከፈታል፣ ከዚያ ይህ ሰውዬ ይመጣል። ከተማችን ሶዶም በሃምሳዎቹ ዓመታት የራሷ አራሚ ነበራት። የእኛው ከሌላው የሚለየው የሚያርመው ፊልም ብቻ መሆኑ ነው።

ክቡር አቶ ሀብተየስ ከእምድብር መጥተው ሶዶ የከተሙ ልብስ ሰፊ ነበሩ። በካቶሊክ ሚሲዮናችን ደግሞ የመቁጠሪያ ጸሎት መሪ ናቸው። ሚሲዮኑ በየወሩ አንድ እሑድ አዳራሹ ውስጥ አቡጀዲ ወጥሮ ፊልም ያሳየን ነበር፤ ጥቁርና ነጭ፣ ያረጁ፣ አብዛኞቹ ጣልያንኛ። የደብሩ አለቃ አባ ወልደመስቀል ከፊልሙ በፊት መቁጠሪያ ይደገም ብለው ስለ ደነገጉ፣ ፕሮቴስታንት ጎረቤቶቻችን ጸሎቱ እስኪያልቅ ከአጥሩ ውጭ ቆመው ይጠብቃሉ። ጨው ነጋዴው ጦና አንገቱን በአጥሩ ላይ አስግጎ «አለቀ ወይስ ገና ናችሁ?» ይለናል። አቶ ሀብተየስ ግን ለጦና ብለው አይፈጥኑም። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ቃሉን አንድ በአንድ እያኘኩ ይመራሉ። «ጸሎትና ፊልም አይዘለልም» ይላሉ፤ ይህንን ሲሉ ጣታቸው ወደ ሰማይ ይነሳል።

ፊልሙ ካለቀ በኋላ ነው ጉዱ። ሱሪ ልታሳጥር ሱቃቸው ትገባለህ። ወረፋ ስትጠብቅ ከአጠገብህ ላለው ሰው «ከዚያ ሰውዬው ባርኔጣውን አወለቀና…» ትላለህ። የስፌት መኪናው ጸጥ ይላል። «በግራ እጁ ነው ያወለቀው» ይላሉ አቶ ሀብተየስ፣ ጠመኔያቸውን እንደያዙ። ትስማማለህ፣ ትቀጥላለህ። መኪናው እንደገና ጸጥ ይላል። ሱሪህ ሳያጥር ይመሻል፣ ባርኔጣው ግን ቦታውን ይይዛል።

ምስኪኑ ጦና አንድ ቀን ተበላ በምትባለው ከተማ ገበያ ላይ ጨው እየሸጠ ለደንበኞቹ ፊልም ይተርካል። እዚያ ማን ያውቀኛል ብሎ፣ ዘራፊዎቹ በፈረስ መጡ አለ። «በበቅሎ!» የሚል ድምፅ ከጨርቅ ተራ ተሰማ። አቶ ሀብተየስ ነበሩ። በዚያ ቢበቃ ደግ ነበር፤ ወደ ሶዶ ሲመለሱ መንገዱን ሙሉ ከጦና ጎን ጎን እየሄዱ የረሳውን ሁሉ አስታወሱት። ለቅሶ ቤት እንኳ አይምሩም። አንዱ ሟችን ሲያወድስ «እንደዚያ እንደ ፊልሙ ዳኛ ለጋስ ነበር» ቢል፣ እሳቸው ነጠላቸውን አስተካክለው «ዳኛው ለጋስ አልነበረም፤ ገንዘቡ የወንድሙ ነው» አሉ። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ከሟቹ ይልቅ ስለ ዳኛው ወንድም ሲጠይቅ ዋለ።

ከሁሉ የሚብሰው በቅዳሴ መካከል ነው። አባ ወልደመስቀል በስብከታቸው ስለ አንዲት የፊልም እናትና ስለ ሁለት ልጆቿ ሲናገሩ ከፊት ወንበር ሳል ተሰማ። አባ ቀጠሉ። ሳሉ በረታ። አባ በመጨረሻ መነጽራቸውን አወለቁና «እሺ አቶ ሀብተየስ፣ ስንት ናቸው?» አሉ። «ሦስት ናቸው አባ። ትንሿ ታማ ተኝታ ነው።» አባም ትንሿን ጨምረው ሰበኩ።

እንግዲህ በዚህች ከተማ ካቶሊክም የፊልም እብድም የሆንነው እሳቸውና እኔ ብቻ ስለ ነበርን፣ ከእሳቸው ጋር መዋል የእኔ ዕጣ ሆነ። እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ስህተት ማረም ሥራዬ ነው። እሳቸው ሲያርሙኝ ግን ደሜ ይፈላ ነበር። «ኤርካሎ፣ ልጄ፣ በሩ ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው» ሲሉኝ፣ አቤት፣ ስንቴ ያንን በር በላያቸው ላይ ልዘጋው ተመኝቻለሁ!

ከዚያ ባለቤቴ ሰገነት ምጥ ጠናባት። ጎረቤት ተረባርቦ በቃሬዛ ኦቶና ሆስፒታል አደረስናት። ሐኪሙ ካያት በኋላ በቀዶ ጥገና ካልሆነ አትገላገልም አለ፤ እሷም ልጁም ይተርፉ እንደሆነ ስጠይቀው «እንሞክራለን» ብቻ ብሎኝ ገባ። በሩ ተዘጋ። እኔ ከውጭ አግዳሚ ላይ ቀረሁ። ፈራሁ፤ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም።

ጦና የተቀቀለ የቦዬ ሥር ይዞልኝ መጣ፤ ማን ይብላ! ቀጥሎ አቶ ሀብተየስ ሜትራቸው አንገታቸው ላይ እንደ ተንጠለጠለ እያለከለኩ ደረሱ። አይዞህ አላሉኝም። አጠገቤ ተቀመጡና «የጀልባ ቀዛፊውን ፊልም ታስታውሳለህ?» አሉኝ።

ከፊልም ሁሉ እሱን! በዚያ ፊልም የቀዛፊው ሚስት በክረምት ትታመማለች። ወንዙ ሞልቷል፤ ባልየው ሐኪም ለማምጣት ተሻግሮ መመለስ ያቅተዋል። ሲደርስ ነጭ አንሶላ ለብሳለች። ሶዶ በሙሉ ያለቀሰበት ፊልም ነው። ይሂዱልኝ ልላቸው ፈለግሁ፤ አቅም አጣሁ።

ጀመሩ። አንድም ነገር አልዘለሉም። ገመዱን፣ ውሻውን፣ የቀዛፊውን የተቀዳደደ ኮት ሁሉ አወሩ። በሁለት እጃቸው አየሩን ይቀዝፋሉ። በሽተኛ ይዘው ከቤሌ የመጡ ሰዎች መሬት ላይ ተቀምጠው ከበቡን፤ ከመካከላቸው አንዱ አማርኛ ለማይሰሙት በወላይትኛ ያስተረጉማል። ሚስትየዋ ታመመች። ወንዙ ሞላ። ቀጥሎ የሚመጣውን አውቀዋለሁ።

አቶ ሀብተየስ ቆም አሉ። ግንባራቸውን ጠረጉ።

«ወንዙ ጎደለ» አሉ።

ቀና ብዬ አየኋቸው። እሳቸው የሚያዩት የተዘጋውን በር ነው። «ጎደለና ቀዛፊው ሐኪሙን አሻገረው። ሐኪሙ መርፌ ወጋት። ሴትዮዋ ላብ አላባትና ተነስታ ተቀመጠች። ውሃ ጠየቀች።»

ጦና አፉን ከፈተ። ከተበላ እስከ ሶዶ መንገዱን ሙሉ የታረመ ሰው፣ ይኸው ቀኑ ደርሶለታል። አቶ ሀብተየስን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ። «ልክ ነው» አለ ቀስ ብሎ፣ «ሴትዮዋ ድኖ ነበር። እኔም አይቻለሁ።»

ከዚያ ወዲያ ማን ያቁማቸው! ያቺ ሴት አበሰለች፣ ከጎረቤት ተጣላች፣ ታረቀች። ፊልሙ ላይ የቀዛፊው ሴት ልጅ ስታገባ ብቻዋን ነው የቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ የምትቆመው። አሁን እናቷ አጠገቧ ቆማ ዓይነ ርግቧን ታስተካክልላታለች። ሴትዮዋ ለሠርጉ የሚሆን ልብስ ስላልነበራት አቶ ሀብተየስ እዚያው አግዳሚው ላይ በወሬ ሰፉላት፤ አንገቱ ክብ፣ እጅጌው ሰፋ ያለ፣ ወገቡ ላይ ዘምዘም ስፌት ያለበት። ፊልሙ እንዲያልቅ አልፈለጉም። እኔም አልፈለግሁም። ሠርጉ አልቆ የልጅ ልጅ ሊያጠምቁ ሲሰናዱ በሩ ተከፈተ።

«ሎኦ!» አለች ነርሷ በወላይትኛ፣ የአፏን ጨርቅ እያወረደች። «ደህና ነው፣ ሁለቱም ደህና ነው! ልጁ ሴት ነው!»

እንደ ልጅ አለቀስኩ፤ እፎይ የሚለው ቃል በሰውነቴ ሁሉ ሲወርድ ተሰማኝ። የቤሌ ሰዎች አጨበጨቡ፤ ለልጄ ይሁን ለቀዛፊው ሚስት እንጃ። አቶ ሀብተየስ አማተቡና መሬት ላይ ዝርፍጥ አሉ።

«ቅዳሜ አባ ዘንድ ንስሐ መግባት አለብኝ» አሉ።

«ምን አድርገው ጋሼ?»

«ዋሽቻለሁ። ያውም በፊልም።»

«እኔ ደግሞ በሐሰት መስክሬልዎታለሁ» አለ ጦና እየሳቀ። «እርስዎ ይሻላል፣ አባ አለዎት። እኔ ለማን ልናገር?»

እነሱን እዚያው ትቼ ገባሁ። ሰገነት ገርጥታለች፣ ከንፈሯ ደርቋል። ሕፃኗ ጎኗ ተጠቅልላ ተኝታለች። እጇን ያዝኩት፤ ሞቃት ነው።

«ምን ስትሠሩ ዋላችሁ?» አለችኝ በደከመ ድምፅ።

«ጋሽ ሀብተየስ ፊልም ሲተርኩልን።»

«የትኛውን?»

«የጀልባ ቀዛፊውን።»

ዓይኗን ጨፈነች። «እሱማ ያሳዝናል» አለች። «ሚስቱ ትሞታለች።»

«አትሞትም» አልኳት።