እሾህ ያበቀለ ደም

ግባ አቦ፣ በር ላይ አትገተር፤ ሙቀቱን ታስገባብናለህ። ፍራሹ ላይ ጠጋ ይሉልሃል። ወሬዬ ገና ዶክተሩ ጋሽ ታደለን «ይጠጣሉ?» ብሎ የጠየቀበት ላይ ነኝ።

ጋሽ ታደለን ታውቀው የለ? የባቡር ጡረተኛው፣ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ሥር ቡል ሲጫወት የሚወረውራት የብረት ኳስ የምትታዘዝለት። በባጃጄ ክሊኒክ ያደረስኩት ዓይኑ እንደ ማንጎ ቢጫ ሆኖ፣ ሆዱ ተነፍቶ፣ ቡሏን ማንሳት አቅቶት ነው። ለዶክተሩ ምን ቢመልስ ጥሩ ነው? «ኧረ እኔ መጠጥ አልቀምስም!»

ዋሸ እንዳትል። ድሬ ከቀትር በኋላ ጫት ይቃማል፤ ምርቃናው እንቅልፍ እንዳይነሳ ደግሞ ማምሻውን በአረቄ ይሰበራል። ይሄ ጨብሲ ነው። ጨብሲ እኛ ዘንድ መድኃኒት እንጂ መጠጥ ሆኖ አያውቅም። ጠጪ ማለት ሳይቅም የሚጠጣ ነው። የሌላ አገር ሰው። እኔም አጠገቡ ቆሜ «እውነቱን ነው» ብዬ በሙሉ ልቤ መሰከርኩለት።

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ። የጋሽ ሆድ ያባውን ግን ደሙ አወጣው።

የላቦራቶሪዋ ልጅ ከጋሽ ደም ቀድታ ማይክሮስኮፑ ላይ አጎንብሳ ቆየችና ዶክተሩን ጠራች። እኔ ትምህርቴን በጊዜ ባቋርጥም የሚታይ ነገር አያመልጠኝም፤ «እኔም ልይ» አልኳት። ከት ብላ ስቃ ወንበሯን ለቀቀችልኝ።

ምን ልበልህ፣ ከዚያ ሁሉ ሙቀት ወጥቼ ሮዝ ሰማይ ውስጥ ገባሁ። ቀይ የደም ሴል ክብ፣ መሃሉ ጎድጎድ ያለ ነው አለችኝ። አንዳንዱ እንዲያ ነው። ብዙዎቹ ግን ዙሪያቸውን እሾህ አብቅለዋል፣ አንዱ ረዘም አንዱ አጠር ያለ፣ መልካ ጀብዱ መንገድ ዳር እንደሚቸረቸረው በለስ። እዚያው እንዳጎነበስኩ በሐሳብ ነጎድኩ፦ ባጃጄን በጋሽ ደም ሥር ውስጥ እየነዳሁ፣ መንገዱ እንደ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ልስልስ፣ ክላክስ የለ፣ ትራፊክ የለ፣ በበለስ መሃል ቀስ፣ ቀስ…

«ጉበታቸው ክፉኛ ተጎድቷል» የሚል የዶክተሩ ድምፅ መለሰኝ። «ጉበት ሲታመም የደም ቅባት ይዛባል። ቅባቱ የሴሉ ቆዳ ላይ ይከማችና እሾህ ያስወጣዋል። ጣፊያ ደግሞ እሾሃሙን እያጠመደ ይሰባብራል፤ ደም የሚያንሳቸውም ለዚህ ነው። ይሄን በብዛት የምናየው ረጅም ዘመን በጠጣ ሰው ላይ ነው።» ወደ ጋሽ ዞረ። «ማታ ማታ ምን ይወስዳሉ?»

«ጨብሲ» አለ ጋሽ፣ እንደ ሕፃን አንገቱን ደፍቶ።

«ከዛሬ ጀምሮ አንዲት ጠብታ እንዳይደግሙ። ይሞታሉ። ጫቱም ይቅር።»

ስንመለስ ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች። ቡል ሜዳው ጋ አብዲ ተቀምጧል፤ ባለሱቁ ሶማሌ ወዳጁ፣ ዕድሜውን ሙሉ ምርቃናውን በግመል ወተት የሚሰብር። ጋሽም ዕድሜውን ሙሉ «ጥጃው» እያለ ሲያሾፍበት ኖሯል። ዛሬ ግን አጠገቡ ቁጭ ብሎ እጁን ዘረጋ። አብዲ ዓይኑን አየው፤ የወተት ብርጭቆውን ሰጠው። ጋሽ ጨለጠው።

«እንግዲህ ጥጃው ማነው?» አለው አብዲ። ጋሽ ነጭ ጢም እንዳበቀለ ሳቀ፣ ሳቁም ሳል ሆነ፣ አብዲ ጀርባውን ያዘለት።

እኔ ደስ ብሎኝ ሞተሬን አስነሳሁ። የጨብሲ ሰዓት ደርሷል፣ አብረውኝ የሚቅሙት ልጆች ግሮሰሪው በር ላይ ይጠብቁኛል። የባጃጄ አፍንጫ ወዴት እንደዞረ አብዲ አየና ጮኸብኝ፦

«ዋርያ! አንተ ልጅ! ያንተን ደምስ ማን አየው?»