ኮምፒውተርና ፕሌይስቴሽን በመሪጌታ ችሎት

ሰው አንድ ነገር ብቻ ሲኖረው ሰላም ነው። ጣጣው የሚመጣው ሁለተኛው ሲጨመር ነው። አንድ ሥጋ ቤት ብቻ ባለበት ሰፈር ሁሉም ገዝቶ፣ አመስግኖ ወደ ቤቱ ይገባል፤ ሁለተኛው በተከፈተ ማግስት ግን የመጀመሪያው ሥጋ ድሮም አጥንት ይበዛበት እንደነበር ለሁሉም ትዝ ይለዋል። ምን ዓይነት ፍጥረት እንደሆንን አላውቅም፤ አንዱን ለመውደድ ሌላውን ማማት ግድ ይሆንብናል።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ፣ ሞባይል እንዲህ በየኪሱ ሳይገባ በፊት፣ ሰፈራችን በጌም ምክንያት ለሁለት ተከፍሎ ነበር ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ተከፍሎ ነበር። ክፍፍሉ እኩል ነበር ግን አልልም። በአንድ በኩል የፕሌይስቴሽን ወገን አለ፤ እሱ ማለት የሰፈሩ ወጣት በሙሉ ነው። በሌላ በኩል የኮምፒውተር ወገን አለ፤ እሱ ማለት እኔ ነኝ።

ያኔ በአንድ ማሰልጠኛ ውስጥ ኮምፒውተር አስተምር ነበር። ለራሴም ያገለገለ ኮምፒውተር ከአዲስ አበባ ገዝቼ፣ ሞኒተሩን እንደ አራስ ልጅ አቅፌ፣ ዓባይ በረሃን በአውቶቡስ ተሻግሬ አምጥቻለሁ። ቀን ቀን ሰው መተየብ አስተምራለሁ፤ ከሥራ ስወጣ በሬን ዘግቼ ንጉሥ እሆናለሁ። ከተማ እቆረቁራለሁ፣ ግብር እጥላለሁ፣ ጦር አዘምታለሁ። የቤት ኪራይ ሲደርስ ከአከራዬ የሚደበቅ ሰው ስንት አገር እንዳስገበረ ብትሰሙ ይደንቃችሁ ነበር።

የፕሌይስቴሽኑ ወገን መሪ የልጅነት ጓደኛዬ ነው። በአባቱ ግቢ መንገድ ዳር ያለችውን ክፍል ቀለም ቀብቶ፣ ቴሌቪዥን አስቀምጦ፣ አግዳሚ ወንበር ደርድሮ ጌም ቤት ከፍቷል። የኔ መከራ ከስሙ ይጀምራል፤ ስሙ ይበልጣል ነው። የቱ ይበልጣል በሚል ጉዳይ ይበልጣል ከሚባል ሰው ጋር መከራከር ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ሞክራችሁ ታውቃላችሁ?

የኔ ክርክር ረጅም ነበር። ኮምፒውተር ይጽፋል፣ ያሰላል፣ ዘፈን ያጫውታል፤ ጌሙ ምራቂ ነው። ጌሙም ቢሆን ዓይነቱ ብዙ ነው፤ በማውስ የጠቆምከው ቦታ ሁሉ ይታዘዝልሃል። ቢያረጅ ሆዱን ከፍተህ ሜሞሪ ትጨምርለታለህ። ፕሌይስቴሽን ግን እንደተፈጠረ ኖሮ እንደተፈጠረ ይሞታል። ይበልጣል ይህን ሁሉ ዝም ብሎ ይሰማኝና “ጥሩ፤ ከማን ጋር ነው የምትጫወተው?” ይለኛል።

እዚህ ላይ ትንሽ እደናቀፋለሁ። ከኮምፒውተሩ ጋር ነዋ! አንድ ጊዜማ የሥራ ባልደረባዬን ጋብዤ በአንድ ኪቦርድ ለሁለት ኳስ ለመጫወት ሞክረናል። ክርኑ ጎኔን ሲደቁሰው ቆየና፣ ጎል ላገባ ስል ያልሆነ ቁልፍ ነክቶ ጌሙን ከነስታዲየሙ ዘጋው። ከዚያ ወዲህ ብቻዬን መንገሥ መርጫለሁ።

የይበልጣል ክርክር ደግሞ አጭር ነው። ሶኬቱን ትሰካለህ፣ ሲዲውን ትከታለህ፣ ጆይስቲክህን ይዘህ ትጫወታለህ፤ አለቀ። በዚያ ላይ ጎንህ ሰው አለ፤ ስታሸንፍ የምትስቅበት፣ ስትሸነፍ ጆይስቲኩ ተበላሽቷል ብለህ የምትዋሸው ሰው። እኔም በበኩሌ፣ ያንተ ማሽን እኮ ሆድ ቁርጠት እንደያዘው ሰው በጀርባው ካልተገለበጠ ሲዲ አያነብም እለዋለሁ። እውነት ነው፤ ከማርጀቱ የተነሣ ተገልብጦ ነበር የሚሠራው። “ተገልብጦም ይሠራል” ይለኛል፤ “ያንተ ቀጥ ብሎም አልሠራ።”

ይህ ክርክር በዚሁ ቢቀጥል ማንንም አይጎዳም ነበር። ችግሩ የይበልጣል አባት መሪጌታ አስረስ ናቸው። መሪጌታ በዚያው ግቢ በጓሮ በኩል ቅኔ ያስተምራሉ። ከአፋቸው አንድ ቃል ሲወጣ ሁለት ሆኖ ነው የሚወጣ፤ ደኅና ዋሉ ብለዋቸው የሚመልሱልዎትን እንኳ ቤትዎ ገብተው ካላሰቡበት አይገባዎትም። እንግዲህ ጉባኤው ከኋላ፣ ጌም ቤቱ ከፊት ነው። አንድ ቀን አንድ ተማሪ ብዙ የደከመበትን ቅኔ እያሰማቸው፣ የመጨረሻው ቤት ላይ ሲደርስ ከመንገድ ዳር “ጎ–ል!” የሚል ጩኸት ተነሣ። ጉባኤው በሳቅ ፈረሰ። መሪጌታ ብቻ አልሳቁም። ጌም ቤቱ ይዘጋል አሉ።

ይበልጣል ደነገጠ። እንጀራው ናት። የደነገጠ ሰው ደግሞ ጓደኛ አያውቅም። “ጌም ጥፋት ከሆነ፣ ያ የሚመርቁት የኮምፒውተር አስተማሪስ? እሱ በር ዘግቶ ከኛ የበለጠ ይጫወት የለም እንዴ?” ብሎ እኔን ጎትቶ አስገባኝ።

ምን አገባቸው ትሉኝ ይሆናል። ብዙ ያገባቸዋል። መሪጌታ አልፎ አልፎ የደብሩን ጽሑፍ ስለምተይብላቸው፣ ኮምፒውተር ማለት ብራናን የተካ የተከበረ ዕቃ፣ እኔ ማለት ደግሞ ጭምት ወጣት መስያቸው ነበር። ያን ሰሞን ደግሞ ሽማግሌ ልልክባቸው እየተዘጋጀሁ ነው። ልጃቸውን ትዕግሥትን ፈልጌ። ትዕግሥት ደብረ ኤልያስ ታስተምራለች፤ ክረምት ክረምት ዲግሪዋን ትማራለች፤ ለቅዳሜና እሑድ ቤተሰቧ ጋ ትመጣለች፤ እኔና እሷ ከተግባባን ቆይተናል። የቀሩት አባቷ ብቻ ናቸው። አባቷ ደግሞ አሁን፣ ልጃቸውን ልጠይቅ የተዘጋጀሁት ሰውዬ በር ዘግቼ ምን እንደምሠራ ሰምተዋል።

አስጠሩኝ። “እውነት ነው?” አሉኝ። እኔም ምላሴ ቀድሞኝ፣ የኮምፒውተር ጨዋታ እንደ ጌም ቤቱ ጫጫታ እንዳይመስላቸው፣ ይሄኛው አእምሮ የሚያሠራና የረጋ ሰው ጨዋታ መሆኑን አስረዳኋቸው። ይበልጣል ከጎኔ ጥርሱን ሲያፋጭ ይሰማኛል። መሪጌታ ጢማቸውን ዳበስ አደረጉና፣ “እንግዲያው ሳላይ አልፈርድም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሁለታችሁም ዕቃችሁን ይዛችሁ ቅረቡ” አሉ።

እሑድ ኮምፒውተሩን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ጋሪ ላይ ጫንኩት። እኔም አጠገቡ ተቀምጬ እንዳይናጥ ደግፌዋለሁ። አንዲት የማውቃቸው እናት መንገድ ላይ አይተውኝ፣ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ “ውይ! ማን ታመመ?” አሉኝ። ኮምፒውተር ነው ስላቸው፣ “እግዜር ይማረው” ብለው አለፉ። በኋላ ሳስበው ምርቃቱ ያስፈልገው ነበር።

ችሎቱ ጌም ቤቱ ውስጥ ተሰየመ። መሪጌታ ወንበር ላይ፣ የቅኔ ተማሪዎቻቸው ግድግዳውን ተደግፈው፣ የይበልጣል ደንበኞች አግዳሚው ላይ፣ ትዕግሥት በሩ ሥር ቆማ። ከሳሽ ማን፣ ተከሳሽ ማን እንደሆነ ግልጽ አይደለም፤ ላብ ያጠመቀው ግን እኔን ነው።

መጀመሪያ የኔ ተራ ሆነ። ገመዱን ሁሉ ሰካክቼ ኮምፒውተሩን አስነሣሁት። ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ቤት ጮኸ። ጽሑፍ መጣ፣ ጽሑፍ ሄደ። ጨለመ፣ በራ። መሪጌታ “ጀመረ?” አሉ። “ገና እየተነሣ ነው፣ የኔታ።” ተነሣ። ለማወዳደር እንዲመች ብዬ ያመጣሁትን የኳስ ጌም ሲዲ ከተትኩ። አሁን ደግሞ አንዲት መስመር ብቅ አለችና በዝግታ መሙላት ጀመረች። መሪጌታ መስመሯን እያዩ፣ “አሁንስ?” አሉ። “እየጫነ ነው፣ የኔታ።” “ምን?” “ጨዋታውን።” “ወዴት ሊወስደው?”

የቅኔ ተማሪዎቹ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። በስንት ጭንቅ መስመሯ ሞላች፤ ሜዳው አረንጓዴ ሆኖ ተዘረጋ፣ ተጫዋቾቹ ገቡ። ግራፊክስ ካርዱ አቅም ስላልነበረው ግን ታቦት አጅበው የሚሄዱ ይመስል ነበር፤ አንድ እግር ያነሣሉ፣ ይቆማሉ፣ ያስባሉ፣ ሌላውን ያነሣሉ። ቢሆንም ጀምረናል። ዳኛው ፊሽካውን ወደ አፉ ሲያስጠጋ መብራት ሄደ።

በሆዴ ምን ምን እንዳልኩ እዚህ አልጽፈውም፤ በአፌ ግን “ይመጣል” አልኩና እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ። የትዕግሥት አባት ፊት ሌላ ምን እላለሁ? ቆይቶ መጣ። ኮምፒውተሩን ቀሰቀስኩት፤ እሱ ግን በሰማያዊ ገጽ ላይ ነጭ ጽሑፍ አውጥቶ ቆመ።

“ምን ይላል?” አሉ መሪጌታ።

“በሥርዓቱ ስላልተዘጋሁ ውስጤን ልመርምር ነው የሚለው፣ የኔታ።”

“አንተ ነህ በሥርዓቱ ያልዘጋኸው?”

“አይደለሁም፤ መብራቱ ነው።”

“ታዲያ ለምንድን ነው አንተን የሚያስጠብቅህ?”

ለዚህ ጥያቄ እስከ ዛሬ መልስ የሰጠኝ የኮምፒውተር ባለሙያ የለም። ጠበቅኩ። ምርመራው አለቀ፤ መነሣቱ እንደገና፣ መስመሯ እንደገና። ፈገግ ብዬ ጠበቅኩ። ፊቴ ከፈገግታው የተነሣ ሊሰነጠቅ ሲደርስ መሪጌታ፣ “በቃ፣ ልጄ፤ አይተናል” አሉ።

ይበልጣል ተነሣ። እሱ ደግሞ መጠበቅ ሲፈጥረው አይችልም፤ ገና “የአንተ ተራ” ሳይባል ሶኬቱን ሰክቶ፣ ማሽኑን ገልብጦ፣ ሁለት ጊዜ በጥፊ መትቶ አስነሥቶታል። ወዲያው ኳስ ሜዳው መጣ። አንዱን ጆይስቲክ ራሱ ይዞ ሌላውን ለአባቱ አቀበላቸው። “ይያዙት፣ አባባ፤ ይቺን ሲነኩ ይሮጣል፣ ይቺን ሲነኩ ይመታል።”

መሪጌታ መጀመሪያ እምቢ አሉ። ከዚያ ነካ አደረጉት። አንዱ ተጫዋች ሮጠ። ቅንድባቸው ተነሣ። እንደገና ነኩት። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከወንበራቸው ወደ ፊት ተንሸራተው፣ ጥምጥማቸው ወደ ኋላ ሸሽቶ፣ “ያዘው! ያዘው እንጂ! ይሄ መረብ ሥር ብቻውን የቆመው ምን አጥፍቶ ነው?” ይሉ ጀመር። ተጫዋቻቸው አቅጣጫ ጠፍቶት ወደ ራሱ በር ገሰገሰ። ይበልጣል “አባባ፣ ወደዚያ አይደለም!” ቢላቸውም፣ ሊያስተኝ ነው ብለው አልሰሙትም። መቱ። ገባ። በራሳቸው ላይ።

“ጎ–ል!” ብለው የጮኹት መሪጌታ አስረስ ናቸው። የቅኔ ተማሪዎቹ ሁሉ ተከተሉ። ያንን ጩኸት ሰምተው የጎረቤት ሰዎች በር ላይ ተሰበሰቡ።

መሪጌታ ጥምጥማቸውን አስተካከሉ፤ ፍርድ ሰጡ። “ለጨዋታ ከሆነ የይበልጣል ይበልጣል” አሉና በራሳቸው አነጋገር ፈገግ አሉ። ጌም ቤቱ አይዘጋም፤ ጉባኤ በሚኖርበት ሰዓት ግን ድምፁ ይጠፋል። ወደ ኮምፒውተሬ ዞረው ደግሞ፣ “ይሄኛውን ጨዋታ አልለውም፤ ሱባኤ ነው” አሉ። ጌም ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ትዕግሥትም ሳቀች። እኔ ዕቃዬን በብርድ ልብሴ ጠቅልዬ፣ ሽማግሌ መላኩን እርም ብዬ ወጣሁ።

ማታውኑ ይበልጣል መጣ። አሳፍሬሃለሁ ሊለኝ መስሎኝ ነበር። “እብድ፣ አባቴ ስላንተ ምን እንዳለ ታውቃለህ?” አለኝ። እራት ላይ መሪጌታ፣ “ያ ልጅ ቻይ ነው። እኔ ብሆን ያን ዕቃ ከጋሪው ጋር ገደል እሰደው ነበር። እሱ አንዲት ክፉ ቃል አልወጣውም” ብለዋል። በሆዴ ያልኩትን ሰምተው ቢሆን! ነገ ዛሬ አትበል፣ ሽማግሌ ላክ አለኝ ይበልጣል።

ላክሁ። ሽማግሌዎቼ ሄደው ጉዳያቸውን አቀረቡ፤ መሪጌታ በክብር ተቀብለው፣ በጥሞና ሰምተው፣ በመጨረሻ ከመቀመጫቸው ተነሥተው፣ “ልጁን አይቼዋለሁ። እግዚአብሔር ትዕግሥትን ይስጠው” አሉ። ሽማግሌዎቹ በአንድ ድምፅ “አሜን!” ብለው፣ ጉልበት ስመው፣ መንገዱን ሙሉ እየሳቁ መጡ። ተሰጥታሃለች አሉኝ። እኔም ለሙሽርነት የሚሆን ሱፍ ሳማርጥ ሰነበትኩ።

ቅዳሜ ትዕግሥት ከደብረ ኤልያስ ስትመጣ መነኻሪያ ጠበቅኳት። አባቷ ያሉትን ስነግራት ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። “አባቴን አታውቃቸውም? አንተ የያዝከው ሰሙን ነው። ዲግሪዬን ሳልጨርስ አላገባም ብያቸው ነበር። እስክመረቅ እንድትጠብቅ፣ ትዕግሥቱን ይስጠው ማለታቸው ነው።”

በጥር ሠርግ ሆነ። የይበልጣል ሠርግ። መሪጌታ ለምን እንዲህ እንደተጣደፉ ሲጠየቁ፣ “እሱ መጠበቅ አይችልም” አሉ። መጠበቅ የሚችለው እኔ ሚዜ ሆንኩ። ሙሽሮቹን መርቀው ሲጨርሱ መሪጌታ ወደኔ ዞር ብለው፣ “ላንተም ትዕግሥትን ይስጥህ” አሉኝ። አሁን ብልህ ሆኛለሁ፤ አሜን ከማለቴ በፊት፣ የትኛውን ማለታቸው እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

“ሁለቱንም” አሉኝ፤ “ግን በተራ።”