መምህር ያረጋል የባለ አልጋዋን ኮምቢ ኦርጅናልነት የመረመሩበት ዜና

በዘመነ ማርቆስ፣ በመምህር ያረጋል ጡረታ በሦስተኛው ዓመት፣ በአዲሱ መነጽራቸው በሁለተኛው፣ በወርኃ ጥር ዕለቱ ረቡዕ በሆነ ጊዜ፣ በወልቂጤ ሠላሳ ስምንት ዓመት ፊዚክስ ያስተማሩት፣ በትውልድ ጎጃሜ በኑሮ ጉራጌ የሆኑት፣ መርማሬ ዝገት፣ ፈታሔ ቡሎን ያረጋል ስለ አንዲት መኪና ይፈርዱ ዘንድ ተነሡ። ነገሩን አቅልሎ የሚስቅ ቢኖር እርሱ መኪና ገፍቶ የማያውቅ ሰው ነውና አንመልስለትም።

መኪናይቱም ጣሪያዋ እንደ ጃንጥላ ወደ ላይ የሚነሣ፣ በሆዷ አልጋና ምድጃ የተሸከመች አሮጌ የቮልስ ኮምቢ ነበረች። ሟቹ አቶ ወልዴ ከአንድ የውጭ አገር መንገድ መሐንዲስ ገዝተዋት፣ በየመስቀሉ ሚስታቸውን ወይዘሮ እቴነሽን ይዘው ሃያ ሁለት ዓመት ወደ ቸሃ ወጥተውባታል። እርሳቸው ካረፉ ወዲህ ግን ወይዘሮዋ ከሰዓት በኋላ እየገቡ ከባላቸው ወንበር አጠገብ ይቀመጡባት ነበር እንጂ ከግቢ ወጥታ አታውቅም። ልጃቸው ዮሴፍም በግቢው መካከል ቆሞ እንዲህ ሲል አዋጅ ነገረ፦

«የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ይቺ መኪና ብርቅና ኦርጅናል ከሆነች እጄን አላነሣባትም። እዚሁ የተቀጠቀጠች ሞዲፊክ ከሆነች ግን ዓርብ ጠዋት ጣሪያዋን አስቆርጬ የድንች ቺፕስ እጠብስባታለሁ። እማዬም ከወዲሁ ትልመደው!»

መምህርም አስቀድመው ብርቅነቷን ሊመረምሩ ዘመቱ። መሰሏ በቡታጅራ አለች የሚል ወሬ ደርሷቸው ነበርና፣ በማግስቱ ሐሙስ በመንገዱ ያለችውን የደጋዋን የአረቅጥን ብርድ ተቋቁመው በሚኒባስ ገሠገሡ። የተከተሏቸውም እነዚህ ናቸው፦ ጎማ ጠጋኙ ናጃህ፣ ለምስክርነት፤ ሁለት ሥራ የፈቱ ረዳቶች፣ ለጩኸት፤ አንድ ጡረተኛ የፍርድ ቤት ጸሐፊ፣ ወደ ጉንችሬ የምትሄድ መስላው በስሕተት ተሳፍሮ። ቡታጅራም በደረሱ ጊዜ መሰል የተባለችው አሮጌ የዳቦ መኪና ሆና፣ ሰባት ዶሮዎች ታቅፈውባት ተገኘች። መምህርም በዶሮዎቹ ፊት አወጁ፦

«ይህች ኮምቢ ከሆነች እኔ አውሮፕላን ነኝ! የኮምቢያችን ብርቅነት ጸንቷል!»

ባለ ዶሮውም ሰደበኝ ብሎ ዱላ ቢያነሣ ሠራዊቱ በሥርዓት ሸሸ። ከዚህ የተለየ የሚያወራ፣ ለምሳሌ መምህር አንድ ጫማቸውን ጥለው መጡ የሚል ቢኖር፣ ሐሰተኛ ነው፤ ጫማው በኋላ ተልኮላቸዋል።

ዓርብ ጠዋት ሕዝብ ተሰበሰበ። ብየዳ ሠሪው ሸምሶም መቁረጫውን ሶኬት ላይ ሰክቶ፣ ልሞክረው እያለ ሁለት ጊዜ አስጮኸው። መምህር ከመኪናዋ ሥር ገብተው ወጡ፤ ቁጥሯን በጨርቅ ጠርገው አነበቡ፤ የጣሪያዋን ማጠፊያ ሰባት ጊዜ ከፍተው ዘጉ፤ ሁሉም ደኅና ሆነ። በመጨረሻ ግን የሾፌሩን ወንበር ስፌት ቢፈቱ ከውስጡ እንደ ገመድ ክር ያለ ቡናማ ጭረት ዱብ አለ። ያን ጊዜ ፊታቸው ጠቆረ። ወደ ወይዘሮ እቴነሽ አዩ፣ ዓይናቸውንም ሰበሩ፣ ነገር ግን እውነትን ትተው ለሐዘንተኛ አያዳሉምና እንዲህ ብለው አወጁ፦

«ወንበሩ የተሞላው በቃጫ ነው። ቃጫ የእንሰት ልጅ ነው፤ እንሰትም በጀርመን አገር አይበቅልም። ስለዚህ ይህች መኪና እዚሁ የተሠራች ሞዲፊክ ናት!»

መቁረጫው አገሣ። ወይዘሮ እቴነሽም፣ እስከዚያች ሰዓት አንድ ሰው እንኳ ያልጠየቃቸው፣ ከሕዝቡ መካከል ወጥተው በመኪናዋ በር ላይ ቆሙ፤ ጭረቱንም አንሥተው አሹት፣ አሸተቱትም፣ ወዲያውም አዋጅ አወጁ፦

«ሸምሶ፣ አጥፋው አልኩህ! መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ፊዚክስዎን ያስተምሩ እንጂ ቃጫ አያስተምሩኝ። እኔ ቸሃ እንሰት ስፍቅ ያደግሁ ነኝ። ቃጫ ነጭ ነው፣ ረጅም ነው፣ ወይፈን ያስራል። ይሄ እንደ አሮጌ መጥረጊያ ይረግፋል። ይሄ የኛ አይደለም! ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ በቃጫ ገመድ ልብስ አስጥተው እስካሁን አላወቁትም?»

ሕዝቡም ሳቀ። መምህር ግን አልተቆጡም፤ ከግቢው የልብስ ማስጫ ገመድ ጥቂት ቃጫ መዝዘው፣ ከወንበሩም ጭረት በዚያው ውፍረት ፈትለው፣ ሁለቱን በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ አሰሩ። በቡናማው ላይ የቤታቸውን ቁልፍ ቢሰቅሉ ተበጠሰ። በነጩ ላይ ቁልፉን ሰቀሉ፣ ቻለ፤ የበሩን ጓጉንቸር ጨመሩ፣ ቻለ፤ የሸምሶን መዶሻ ጨመሩ፣ እርሱንም ቻለ። ያን ጊዜ ያረጋል፣ ለሚያለቅስ ተማሪ ግማሽ ማርክ ጨምረው የማያውቁት ያረጋል፣ መነጽራቸውን አውልቀው በታላቅ ድምፅ አወጁ፦

«ተሳስቻለሁ! ፍርዱ ተሽሯል። ይህ የኮኮናት ጭረት ነው፤ ኮኮናትም በወልቂጤ በቅሎ አያውቅም፤ የጀርመን ፋብሪካ ግን በዚያ ዘመን ከባሕር ማዶ እያስመጣ ወንበር ይሞላበት ነበር። መኪናይቱ ከነወንበሯ ኦርጅናል ናት። ዮሴፍ ሆይ፣ ድንችህን ሌላ ቦታ ጥበስ!»

ዮሴፍም በቃሉ ታሰረ፤ የወንበሩን ስፌት እናቱ እያዩት በእጁ ሰፋ። ወይዘሮ እቴነሽም ገብተው ተቀመጡ፣ በሩንም በላያቸው ዘጉ።

እንግዲህ ከተማ የያዘ፣ ወንዝ የተሻገረ፣ ጠላት ያንበረከከ ጀግና በየዘመኑ ሞልቷል፤ በገዛ ግርማው ላይ ዘምቶ ድል የነሣ ግን ያረጋል ብቻ ነው። አዋቂ ነኝ ባይ ሁሉ አንዲት ስሕተቱን በሰባት መጽሐፍ በሚሸፍንበት በዚህ ዘመን፣ እርሳቸው በጠራራ ፀሐይ፣ ረዳቶች እየሰሙ፣ አንዲት ቃል ተናግረው የአንዲትን መበለት የከሰዓት በኋላ ማረፊያ አዳኑ። ክብር ለያረጋል፣ ለመዛኔ ቃጫ፣ ለሻሬ ፍርደ ገምድል! ሸምሶ እንኳ መቁረጫውን ታቅፎ እልል ብሏል፤ ከዚህ በላይ ገድል የሚሻ አንባቢ ቢኖር እርሱ ራሱ ሞዲፊክ ነው።