ወደ ሐረር በለቅሶ በኩል

ፈረንጅ ሲደክመው ይጓዛል። እኛ ደግሞ የምንጓዘው ሰው ሲሞትብን ነው። ይህን የምለው አገሬን ለማማት አይደለም፤ ላማት ብፈልግም ጊዜ የለኝም፣ ነገ ለቅሶ አለብኝ። ግን እስቲ እርስዎም ያስታውሱ፤ ለመጨረሻ ጊዜ ከአዲስ አበባ የወጡት ለምን ነበር? «ለሠርግ» የሚል ካለ ዕድለኛ ነው። «ለመዝናናት» የሚል ካለ ግን ወይ ዋሽቷል፣ ወይ ዘመድ የለውም።

እኔ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ስምጥ ሸለቆን ለስንቱ ተማሪ በጠመኔ ሰንጥቄ አሳይቻለሁ። ሐይቆቹን ከላይ እስከ ታች በቃሌ እወርዳቸዋለሁ። አይቻቸዋለሁ ወይ? አዎ፣ በአውቶቡስ መስኮት፣ ነጠላ ባዘቀዘቁ ሴቶች ትከሻ ላይ አሻግሬ። ባለቤቴ አስካለ ደግሞ ከእኔ ትብስ ነበር። ተወልዳ ያደገችው እዚሁ ቀበና ነው፤ ወንዙን ተሻግራ አገባችኝ፣ ከዚያ ወዲህ ከከተማ የወጣችው ለቀብርና ለተዝካር ብቻ ነው። ከበላያችን ያለው እንጦጦ እንኳ ለእሷ የጠበል መንገድ ነበር። ልቧ መድከም ከጀመረ ወዲህ ባዶ ጀሪካን ይዛ ትወጣለች፣ ሞልታ ትወርዳለች።

ነገሩን ያመጣው አንድ የድሮ ተማሪዬ ነው። አስጎብኚ ድርጅት ተቀጥሮ ስለነበር ለዘመን መለወጫ የሚያብረቀርቅ መጽሔት ይዞልኝ መጣ። ውስጡ የአንድ ሩቅ አገር ጉዞ አለ፦ ጠዋት ሳፋሪ፣ ከሰዓት የከተማ ባህል፣ ወደ ማምሻው የወይን እርሻ መካከል ቁጭ ብሎ ወይን መቅመስ። አስካለ መጽሔቱን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ብዙ ቆየች። ፎቶው ላይ በእሷ ዕድሜ ያለች ፈረንጅ ባርኔጣ አድርጋ፣ ብርጭቆ ይዛ ትስቃለች። አስካለ ቀና ብላ፣ ይቺ ሴትዮ ማንም አልሞተባትም እንዴ ብላ ጠየቀችኝ። ቀጥላም ቀስ ብላ፣ እኔም አንድ ቀን ሳላለቅስ ከከተማ ብወጣ ደስ ይለኝ ነበር አለች።

ይህን ሰምቶ ዝም የሚል ባል አለ? ምናልባት ሌላ ትምህርት የሚያስተምር ይኖር ይሆናል። ዘመኑም ሬዲዮው ማለዳ ማለዳ በሁለት አኃዝ አድገናል የሚለን ዘመን ነበርና፣ ዕድገቱ አንዴ እንኳ እኛ ቤት ጎራ ቢል ምናለ ብዬ ተነሣሁ። ምን ጎድሎን? ሳፋሪ በሉኝ፣ አዋሽ ፓርክ አለ። የከተማ ባህል በሉኝ፣ ሐረር ከነግንቧ ከነጅቧ አለች። ወይን በሉኝ፣ በዝዋይ ሐይቅ አጠገብ ተተክሎ ፍሬ ሰጥቷል። ሐኪሟን ጠየቅሁት፤ ጉዞው አይጎዳትም፣ ብቻ ከሐዘንና ከድካም ትጠበቅ አለኝ። ደስ ብሎኝ ትልቅ ካርቶን ላይ ካርታ ሣልሁ። ዝዋይን በወይን ዘለላ፣ አዋሽን ቀንዱ ቀጥ ባለ ሳላ፣ ሐረርን በግንብ አስጌጥሁ። አስካለ ሳላውን አይታ ፍየል ነው ብላ ሳቀችብኝ።

ጥፋቴ ካርታውን ሳሎን መስቀሌ ነው። እሁድ ዕለት ታላቅ እኅቷ እትዬ በላይነሽ ከወሰን ሰፈር መጡ። እትዬ በላይነሽ የቤተሰባችን የሐዘን ሚኒስትር ናቸው። ማን የት እንደሞተ፣ ማን ለቅሶ እንደደረሰ፣ ማን እንደቀረ በቃላቸው ያውቃሉ። ለዚህ ሹመት ማንም አልመረጣቸውም፤ በዚያን ጊዜ ደግሞ ይህ ብርቅ አልነበረም።

መነጽራቸውን አድርገው ካርታውን ከዳር እስከ ዳር መረመሩ። ጣታቸው ዝዋይ ላይ ቆመ። የአጎታችን ሚስት ያረፈችው እዚህ አይደለም ወይ፣ ደርሳችኋል ወይ አሉ። ደውለን ነበር አልኋቸው። «በስልክ ለቅሶ ይደረሳል እንዴ፣ አንተ መምህር?» ጣታቸው ወደ ናዝሬት ተሻገረ፤ እዚያ የክርስትና እናታችን ልጅ ሞቷል። አዋሽም ላይ አላለፋቸውም፤ የአክስታችን ልጅ ባሏን ቀብራለች። እንግዲህ በእነዚህ ሁሉ ሐዘንተኞች ደጅ አልፋችሁ ወይን ልትጠጡና ጅብ ልታዩ ነው? ሰውስ ምን ይላል?

ያልደረሱት ለቅሶ በእኛ ዘንድ ዓመት ቢሞላውም ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ሩቅ ያለ ሰው ይቅር ይባላል፤ በደጅ ያለፈ ግን ለዘላለሙ ይቀየሙታል። አስካለን አየኋት። መሬት መሬት እያየች፣ እውነታቸውን ነው፣ ደረስ ደረስ እያልን እናልፋለን አለች። እትዬ በላይነሽም ብቻችሁን አትችሉትም ብለው አብረውን ሊሄዱ ተነሡ።

በጥር፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ መኪና ከነሾፌሩ ተከራይተን ወጣን። አስካለ የገዛሁላትን ባርኔጣ ሻንጣ ውስጥ ከታ ነጠላዋን አዘቀዘቀች። ዝዋይ ስንደርስ የሟቿ ባልና ልጆች ኳስ እያዩ ነበር። እትዬ በላይነሽ ከበር ላይ «ወይኔ!» ሲሉ ቴሌቪዥኑ ጠፋ፣ ሁሉም ተነሥቶ ያለቅስ ጀመር። እነሱስ አልቅሰው ሲያበቁ ውጤቱን ጠየቁ። የእኔይቱ ግን አስመስሎ ማልቀስ አታውቅም፤ ስታለቅስ ከልቧ ነው፣ ከዚያ ከደከመው ልቧ። በማግስቱ የወይን እርሻውን ከመኪና ላይ አየነው። እንውረድ ስል እትዬ በላይነሽ፣ በተዘቀዘቀ ነጠላ ወይን ሲቀመስ የት አይተሃል አሉኝ። እውነት ነው፣ የትም አላየሁም።

ናዝሬትም ተለቀሰ። ከናዝሬት ወደ አዋሽ ስንጓዝ ሾፌሩ ድንገት «ሳላ! ሳላ!» እያለ ጮኸ። እውነትም ከመንገዱ ዳር ቀንዱ ቀጥ ያለ ሳላ ቆሞ ያየናል፤ እኔ ከሣልሁት በጣም ያምራል። አስካለ ዐይኗ አብጦ ትከሻዬ ላይ ተኝታለች። ቀስቅሼ እስክታይ ድረስ የቀረው ግራሩ ብቻ ነበር። የታለ አለችኝ። ስንመለስ ታዪዋለሽ አልኋት።

አዋሽ አልቅሰን እንደጨረስን ስልኬ ጮኸ። ቀበና አጥር የምንጋራው ጎረቤታችን ሞተዋል፤ ቀብሩ ነገ ነው። ከመንደር ሰው ቀብር ቀርቶ ሐረር መሄድ አለ? ተመለስን። በመንገዱ ሁሉ አስካለ በመስኮት ስትፈልግ ነበር፤ ሳላ የሚባል አልነበረም።

ግንቦት ላይ አስካለ አረፈች። ያ ጉዞ ነው የገደላት አልልም፤ አይደለም ብዬም አልምልም። ለእትዬ በላይነሽ ከመጀመሪያው እንቢ አለማለቴ ግን እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል።

የዝዋዩ፣ የናዝሬቱ፣ የአዋሹ ዘመድ ሁሉ መጣ፤ በስልክ የደረሰ አንድም የለም። ሰልስቱ እንደወጣ፣ ከመጣን አይቀር አዲስ አበባን እንይ አሉ። እንግዳ አይገፋም፤ ይዣቸው ወጣሁ። ጠዋት ስድስት ኪሎ አንበሶቹን አዩ፤ አንዱ አንበሳ አዛጋላቸው፣ በጣም ተደሰቱ። ከዚያ እንጦጦ ወጥተን ቤተ ክርስቲያኑን ተሳለሙ፣ ሙዚየሙን ጎበኙ። በመጨረሻ ባሕር ዛፉ ጥላ ሥር፣ ከተማዋን ቁልቁል እያየን ተቀመጥን። የዝዋዩ አጎት ለእኔ ማጽናኛ ብለው ያመጡትን ወይን ከፈቱ። ብርጭቆውን ይዤ ሳስበው፣ ሳፋሪው፣ የከተማው ባህል፣ ወይኑ፣ የመጽሔቱ ጉዞ ምንም ሳይጎድል ተሟልቷል።

እትዬ በላይነሽ ወይኑን ቀመስ አድርገው አጣጣሙ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ቀበናን ቁልቁል ተመለከቱና እንባ በዐይናቸው ሞላ። «ለካ ማዞሩን ታውቅበታለህ፣ አንተ መምህር» አሉኝ። «እኅቴንስ አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ብታዞራት ምን ነበረበት?»