አንድ ምዕራፍ የቀደሙን ሰው

ከአስተማሪ ሁሉ የሚከፋው አንድ ምዕራፍ ብቻ የቀደመን ሰው ነው። አሥር ምዕራፍ የቀደመን ይታገሠናል፤ እኛን የመሰለ ብዙ አይቷል። አንድ ምዕራፍ የቀደመን ግን ትናንት ማታ ያወቀውን ዛሬ ጠዋት ካላወቅንለት ያመዋል። እንዲህ ያለ ሰው ያልገጠመው የለም። ኢንሻራህን የገጠሟት ክቡር ሀዚም ናቸው።

ክቡርነታቸው ኮምቦልቻ ላይ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣሉ። ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አጠገብ ፎቅ ላይ የሚሰጠውን የፕሮግራሚንግ ሥልጠና ከእሷ በሁለት ሳምንት ቀድመው ጀመሩ። በዚያች ሁለት ሳምንት የዓለምን ምስጢር ጨርሰዋል። “ይሄማ ቀላል ነው!” ይላሉ፤ እጃቸው ወዲያው ኪቦርዷ ላይ ነው። ኢንሻራህ አንድ መስመር ልትጽፍ ጣቷን ስታነሣ እሳቸው ሦስት ጽፈዋል። “ገባሽ?” ይላሉ። መልስ አይጠብቁም።

“ጋሽ ሀዚም፣ ይተዋት እስቲ፤ ራሷ ትሞክር” ትላለች አሠልጣኟ ጽናት።

“ወላሂ ልክ ነሽ” ይሉና አራተኛውን ይጨምሩላታል።

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሽቅብ በሚወጣው ሚኒባስ ውስጥም አያርፉም። አንድ ቀን ኢንሻራህ ለጉዳይ ኮምቦልቻ ወርዳ ስትመለስ አብራቸው ተሳፍራ ሳለ፣ ከጎናቸው የተቀመጡ የቢስቲማ ሽማግሌ ላይ ወረዱባቸው። “አባባ፣ ሉፕ ማለት ቀላል ነው። ረዳቱ መኪናው እስኪሞላ ‘ደሴ! ደሴ!’ ይል የለ? ሲሞላ ያቆማል። እሱ ነው ሉፕ።”

ሽማግሌው ጉልበታቸው ላይ የተጫነባቸውን የሰው ዘንቢል አዩና፣ “ኧረ ይሄኛው ከሞላም አላቆመ!” አሉ። መኪናው በሙሉ ሲስቅ ኢንሻራህ አልሳቀችም። ጥርሷን ነክሳ ነበር።

እሷ ለጨዋታ አልመጣችም። ዩኒቨርሲቲ የተማረችው የመዝገብ አያያዝ ነው፤ አሥራ ስምንት ዓመት መዝገብ ቤት ሠርታለች። የሰፈሯ ቅሬ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ሟቹን የሚቀብርበት ማኅበር፣ የሟቾቹን መዝገብ አይጥ መብላት ጀምሯል። ሊቀ መንበሩ አቶ ወልደ ሚካኤል “ልጄ፣ ኮምፒውተር ላይ አድርጊልን” አሏት። እሑድ ልታስረክብ ቃል ገባች። በዚያ መዝገብ የመጨረሻ ገጽ፣ የመጨረሻው ስም የእናቷ ነው፦ ኡሙሰልማ፣ ጳጉሜ አራት። ኢንሻራህ አዲሱ መዝገብ ላይ መጀመሪያ በገዛ እጇ ልታሰፍር የፈለገችው ይህን ስም ነው።

ሐሙስ ዕለት ፕሮግራሟን አስነሣች። ስም ጠየቃት፤ ጻፈች። ዓመት፤ ጻፈች። ቀን፤ አራት አለች። ወር፤ አሥራ ሦስት አለች።

“የተሳሳተ ወር” አለ ስክሪኑ።

ደገመች። “የተሳሳተ ወር።”

ያቺን መስመር ክቡርነታቸው ናቸው የጻፉላት፤ ማክሰኞ ዕለት፣ ከአንድ የውጭ አገር ቪዲዮ ላይ እንዳለች ገልብጠው፦ ወሩ ከአሥራ ሁለት ከበለጠ፣ ስሕተት ነው።

“ይሄማ ቀላል ነው!” አሉ ከኋላዋ ብቅ ብለው፤ ወንበሯን ተጋርተው እጃቸውን ሰደዱ። “መስከረም አንድ በያት። የሁለት ቀን ነገር ነው፤ ማን ያያል?”

“እኔ አያለሁ።”

“እህቴ፣ ለኮምፒውተር እኮ ነው…”

“እናቴ መስከረም አንድ አልሞተችም! መስከረም አንድ ሦስተኛ ቀኗ ነበር። ጎረቤቶቼ ዓመት በዓላቸውን ትተው ድንኳን ውስጥ አብረውኝ ተቀምጠው ነበር። ያን ሁሉ ልሰርዝ? እርስዎ ከቪዲዮ ስለገለበጡ? ይነሡልኝ ከወንበሬ!”

ክቡርነታቸው ተነሡ።

አሥራ ሁለቱን አጠፋች፤ አሥራ ሦስት አለች። ተቀበላት። ጳጉሜ ሃያ ስምንት ብላ ብትሞክረው ያንንም ተቀበለ፤ እንደገና ተናደደች። ወሩ አሥራ ሦስት ከሆነ ቀኑ ከአምስት አይብለጥ የሚል መስመር ጨመረች። አልሠራም። መስመሩ መጨረሻ ላይ መግባት ያለባትን የሁለት ነጥብ ምልክት ረስታለች፤ ይህን እስክታገኝ ግማሽ ሰዓት ፈጀባት። ሀዚም ከጀርባዋ ቆመው ነበር። ያቺን የጎደለች ምልክት ከመጀመሪያው አይተዋታል፤ ግንባራቸው በላብ ወረዛ እንጂ ትንፍሽ አላሉም።

ኡሙሰልማ። ጳጉሜ አራት። “ተመዝግቧል” አለ ስክሪኑ።

“አላህ ይርሐማቸው” አሉ ቀስ ብለው። ቀጥለውም፣ “እህቴ… ሉቃስ ሲሆንስ?”

“ምን?”

“በአራት ዓመት አንዴ፣ ዘመኑ ሉቃስ ሲሆን፣ ጳጉሜ ስድስት ቀን ናት። ያን ቀን የሞተ ሰው የት ሊገባ ነው?”

ኢንሻራህ ከዚያ ቀን ሁሉ የባሰ የተናደደችው ያን ጊዜ ነው፤ ልክ ናቸውና። አሥራ ስምንት ዓመት መዝገብ ይዛ፣ እናቷን ስታስገባ የሌላ ሰው እናት ውጭ ልታስቀር ነበር። ዞር ብላ አየቻቸው። ከዚያ ወንበሩ ላይ ጠጋ አለችላቸው።

“ይቀመጡ” አለች። “ይንገሩኝ፤ እኔ እጽፋለሁ።”

ዓመቱ ለአራት ተካፍሎ ሦስት ከተረፈ፣ ስድስት ቀን። ሁለት ጊዜ ተሳሳቱ፤ ሦስት ጊዜ ተጨቃጨቁ፤ ጽናት በሩን ልትዘጋ ቁልፍ ይዛ ጠበቀቻቸው።

እሑድ ቅሬው ሲሰበሰብ አቶ ወልደ ሚካኤል መነጽራቸውን አድርገው ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አሉ። ከሟቾቹ ስም በላይ “ያዘጋጁት” በሚለው ቦታ ሁለት ሰው ሰፍሯል።

“ይኼ ሀዚም ማነው? የኛ ቅሬ ነው?”

“አይደሉም። የኮምቦልቻ ሰው ናቸው፤ ሲበዛ ነዝናዛ።”

“ታዲያ ስማቸው እዚህ ምን ይሠራል?”

“ጋሼ፣ ጳጉሜ ስድስት የእሳቸው ናት” አለች ኢንሻራህ። “የሠራ ሰው ስም ከመዝገብ አልፍቅም።”