የንባብ ክበባችን አስተዋይነትና የሠርግ ኬኩ

ቅልንግ! ቅልንግ! ከሁሉ በፊት የሚሰማው ቃጭሉ ነው። ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት በሚወርደው ደረጃ ላይ ቆሜ፣ ጫማዬ ላይ የተጋገረውን በረዶ ሳላራግፍ፣ ክብርት ሰብሳቢያችን ወይዘሮ ቬርና ኮስቲክ ሥነ ጽሑፍን ሥርዓት ሲያሲዙት እሰማለሁ። ቃጭሉ ምክትል ርዕሰ መምህርት ሳሉ ተማሪ ከጨዋታ ወደ ክፍል ያስገቡበት የነበረው ነው። ጡረታ ሲወጡ ትምህርት ቤቱን ትተው ቃጭሉን ይዘው ወጡ።

የዚህን ክበብ ታላቅነት የሚጽፍ ሰው እስከ ዛሬ አለመገኘቱ ያሳዝናል። ከተማችን በስንዴ ማሳ መካከል የተቀመጠች፣ አንድ የእህል ጎተራ፣ አንድ ነዳጅ ማደያና ስፍር ቁጥር የሌለው አስተያየት ያላት ከተማ ናት። አስተያየቱ በሙሉ በየወሩ በዚህ ምድር ቤት ይሰበሰባል። እኔ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በኋላ ድንጋይ በበረዶ ላይ በሚያንሸራትቱበት በከርሊንግ ጨዋታ አዳራሹ ውስጥ በረዶ የማለስለስ ሥራ ይዤ የቀረሁ፣ የቀረውን ጊዜዬን ልብ ወለድ ውስጥ የማሳልፍ ሰው ነኝ። በክበቡ ውስጥ መጽሐፍ እስከ መጨረሻው የማንበብ መጥፎ ልማድ ያለብኝም እኔ ነኝ። በዚህ ምክንያት አስተያየቴ ብዙም አይጠየቅም፤ ያነበበ ሰው ያዳላል።

ዘንድሮ ክበቡ ከዘመኑ ጋር ለመራመድ ቆርጦ ተነሣ።

«ኋላ ቀር አይደለንም» አሉ ወይዘሮ ቬርና፣ ቃጭሉን ደውለው። «ዘንድሮ የዘመኑን ልብ ወለድ እናነባለን። ወንድ ከወንድ፣ ሴት ከሴት የሚዋደዱበትን። ተቃውሞ ያለው?»

ተቃውሞ አልነበረም። ኬክ እየቀረበ ነበር።

ቤተ መጻሕፍቱም በበኩሉ አንባቢ እንዳይደናገር በእነዚህ መጻሕፍት ጀርባ ላይ የቀስተ ደመና ምልክት ለጥፎ ነበር። የሰው እጅ ነውና ምልክቱ በስህተት ሌላ መጽሐፍ ላይ ዐረፈ፤ በክረምት ዓሣ ስለማጥመድ የሚተርክ ልብ ወለድ ላይ። ሁለት ሰዎች በረዶ በሆነ ሐይቅ ላይ ትንሽ ጎጆ ተክለው፣ በረዶውን በስተው፣ ከሁለት መቶ ገጽ በላይ ዓሣ ይጠብቃሉ። ዓሣ አይመጣም። በመጨረሻ አንደኛው «ቴርሞሱን አቀብለኝ» ይላል፤ መጽሐፉም ያልቃል። በእኔ በኩል ጥሩ መጽሐፍ ነው፤ ዓሣ ባይመጣም ዓረፍተ ነገሩ ይመጣል። ፍቅር ግን አላየሁበትም።

ክበቡ አየ። ምልክት አለዋ!

«ቴርሞሱን አቀብለኝ!» አሉ ወይዘሮ ቬርና ደረታቸውን ይዘው። «ከዚህ የበለጠ የፍቅር ቃል ማን ጽፎ ያውቃል? ዝምታውስ! ያቺ ቀዳዳስ! ሰሙ ዓሣ ነው፤ ወርቁን እዩት!»

የቀድሞው የጎተራ ኃላፊ ሃርቪ ፔነር ከመጽሐፍ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ገጽ ብቻ የሚያነብ ሰው ነው። ያን ቀን ግን ምን ነክቶት እንደሆነ እንጃ፣ መሐሉንም አንብቦ መጥቶ ነበር።

«ልክ ነው» አለ። «እንደዚያ ነው የሚባለው።» ከዚያ አፍንጫውን ተናፈጠ። ጉንፋን ነው ብለን ወሰንን።

ሃርቪ ራሱ ዓሣ አጥማጅ ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር ከእንጨት ሥራ መምህሩ ከኤልመር ጋር ሐይቁ ላይ ጎጆ ተክለው ይከርሙ ነበር። ኤልመር ካቻምና ሞተ። ሃርቪ አሁንም ይሄዳል፤ አሁንም ሁለት ወንበር ጭኖ ይሄዳል። ሁለተኛው ወንበር ለባልዲው ማስቀመጫ ነው በሚለው ላይ የከተማው ነዋሪ ሙሉ ስምምነት አለው።

ከዚያ ስብሰባ በኋላ አርዲት በመኪናዋ ወደ ቤቴ ሸኘችኝ። አርዲት ዕድሜዋን በሙሉ ፖስታ ቤት የሠራች፣ «አንቱ አትበለኝ፣ ገና ሰባ አልሞላኝም» ብላ የምትቆጣ ሴት ናት። የፒያኖ አስተማሪዋ ዊኒና እሷ ቢጫው ቤት ውስጥ አብረው መኖር ከጀመሩ ሠላሳ ዓመት አልፏል። ከተማው «ልጃገረዶቹ» ይላቸዋል። አብረው የሚኖሩት የማሞቂያ ወጪ ለመቆጠብ እንደሆነም ያውቃል።

«አየህ አይደል?» አለች አርዲት፣ የፊት መስታወቱን በጓንቷ እየጠረገች። «ከአንድ ቴርሞስ ይህን ሁሉ ፍቅር የቀዳ ሰው፣ እኛን እንዴት ያጣናል!»

«ማንን?» አልኩ፣ ለጨዋነት ያህል።

«ተው እንግዲህ! ሰኔ ላይ ልንጋባ ነው፣ እኔና ዊኒ። ላንተ የነገርኩህ የአዳራሹ ቁልፍ ስላለህ ነው። በረዶው ሲቀልጥ ወለሉ ያስጨፍራል?»

«ያስጨፍራል።»

«ችግሩ ዊኒ ናት። ይህን ሁሉ ዘመን ተጠንቅቃ ኖራ፣ አሁን በነጭ ልብስ ባዶ አዳራሽ ውስጥ መቆሙን ትፈራለች። ‹ሁለት ሴቶች የሚዋደዱበትን፣ ምልክት ግን ያልተለጠፈበትን መጽሐፍ አስነብቢያቸው› አለችኝ። ‹አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ ከገባው አዳራሹን ያዢ። ማንም ካልገባው ትልቁ ከተማ ሄደን መንገደኛ ምስክር አቁመን እንፈርማለን፤ ነገሩም እዚያው ይቅር።›»

«ለእኔ ገብቶኛል እኮ። እኔ አልቆጠርም?»

«አንተማ ልብ ወለድ ታነባለህ። የሌለውንም ታያለህ።»

እናም አርዲት መጽሐፉን አቀረበች፣ ክበቡም በሙሉ ድምፅ ተቀበለ። ኔታና ሮዝሊን የተባሉ ሁለት ሴቶች በአውራ ጎዳና ዳር የእንግዳ ማረፊያ ያስተዳድራሉ፤ አንዷን ክፍል ለማንም አያከራዩም። ገጽ አርባ ላይ ይሳሳማሉ። ከዚያም በኋላ አጋጣሚ ባገኙ ቁጥር። እኔ ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ሁለተኛውን ጊዜ በረዶውን ማለስለስ ረስቼ።

ወሩ ደርሶ ቃጭሉ ተደወለ። አርዲት አንድ ትሪ የሠርግ ኬክ ይዛ መጣች። በእኛ በኩል ከአጃና ከቴምር የሚጋገረው ጠፍጣፋ ኬክ ስሙ የሠርግ ኬክ ነው። ለምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ ሠርግ ላይ አይቼው አላውቅም። ቀብር፣ ጨረታና የከርሊንግ ውድድር ግን ያለ እሱ አይሆንም። ዊኒ ኮቷን ሳታወልቅ በሩ አጠገብ ተቀመጠች።

«የጓደኝነት መጽሐፍ!» ሲሉ ውይይቱን ከፈቱት ወይዘሮ ቬርና። «ሁለት ሴቶች ባል ቢያጡ፣ ሥራ ፈጠሩ!»

«ገጽ አርባ ላይ ይሳሳማሉ እኮ፣ ቬርና» አለች አርዲት።

«ብርድ ነዋ! ማሞቂያው ተበላሽቷል ይላል።»

«ሐምሌ ነው፣ የበጋ ሙቀት።»

«ሐምሌም ቢሆን ሌሊቱ አይታመንም።»

«አልጋቸውስ? አንድ ነው።»

«ቆጣቢዎች! የዛሬ ልጆች ከዚህ ቢማሩ ምን ነበረበት!»

እኔ አላስችል አለኝ። «እወድሻለሁ ትላታለች እኮ። በግልጽ።»

ወይዘሮ ቬርና በርኅራኄ አዩኝ። «አንተ ልጅ፣ ይህ መጽሐፍ ምልክት አለው?»

«የለውም።»

«አየህ! ቢሆን ኖሮ ይለጠፍበት ነበር።»

ባለፈው ወር በሰም ውስጥ ወርቅ ቆፍሮ ያወጣ ክበብ፣ ዛሬ ወርቁ አፍጥጦ ሲያየው ሰም ነው ብሎ አለፈው። ዊኒ ለአርዲት በዓይኗ ወደ በሩ አመለከተቻት። ምልክቱ ግልጽ ነበር፦ መንገደኛ ምስክር።

አርዲት ግን ፖስታ ቤት የሠራች ሴት ናት፤ መልእክት ሳይደርስ አትመለስም። ትሪውን አንሥታ መሐል ቆመች።

«ወዳጆቼ፣ ይህ የሠርግ ኬክ ነው።»

«እናውቃለን የኔ እመቤት» አሉ ወይዘሮ ቬርና፣ አንዱን እያነሡ። «የአንቺን የሚያህል የለም።»

«አይ፣ የሠርግ ነው። የሠርግ!»

«ቴምሩን ጨመር አድርገሽበታል መሰለኝ?»

«የእኔና የዊኒ ነው!»

«አብራችሁ ጋገራችሁት? እጃችሁ ይባረክ!»

አርዲት ትሪውን እንደያዘች ቀረች። ፊቷ ሊስቅም ሊያለቅስም ተዘጋጅቶ ተራ ይጠብቅ ነበር። ዊኒ ጓንቷን ማጥለቅ ጀመረች።

ወይዘሮ ቬርና ፍርፋሪውን ከአፋቸው ጠርገው ወደ ማጠቃለያው ገቡ። «ይህ ልጅ ደስ ይበለውና፣ እሺ፣ ፍቅር ነው እንበል። እንግዲያማ መጽሐፉ ውሸት ነው! በትንሽ ከተማ ውስጥ ሁለት ሴቶች ይህን ሁሉ ዘመን ሲዋደዱ ማንም አያውቅም? እኛ እኮ ጎረቤት ምን እንደጋገረ ከሽታው የምናውቅ ሰዎች ነን! ደራሲው ትንሽ ከተማ ኖሮ አያውቅም። ስለዚህ በአምስት ኮከብ ፈንታ ሦስት…»

«መቼ ነው?»

ሃርቪ ነበር። ኬኩ ሳይነካ ጉልበቱ ላይ በወረቀት መሐረብ ላይ ተቀምጧል።

«ምኑ?» አሉ ወይዘሮ ቬርና።

«ኬኩ።»

«ኬኩማ ዛሬ ነው፤ እየበላን አይደል እንዴ!»

ሃርቪ እሳቸውን አላያቸውም። የሚያየው በሩ አጠገብ የተቀመጠችውን ዊኒን ነበር። ዊኒ አንዱን ጓንት አጥልቃ ሌላውን በእጇ እንደያዘች ቀይ ሆነች፣ ከዚያ ነጭ፣ ከዚያ እንደገና ቀይ።

«ሰኔ» አለች። ድምፅዋ ፒያኖ ላይ በአንድ ጣት እንደተነካ ቁልፍ ነበር። «የመጀመሪያው ቅዳሜ።»

«የት?»

ዊኒ አርዲትን አየቻት። «በከርሊንግ አዳራሹ» አለች፣ ጓንቷንም መልሳ አወለቀች።

ሃርቪ ራሱን ነቀነቀ። ኬኩን በመሐረቡ ጥቅልል አድርጎ፣ ሰው ሕፃን እንደሚያስተኛ ቀስ ብሎ የኮቱ ኪስ ውስጥ አኖረው። ጆሮ የሚሸፍን ቆቡን ደፋ።

«ወንበር ከጎደላችሁ» አላት አርዲትን፣ «ሁለት አሉኝ።»

ደረጃውን ወጣ። የቦት ጫማው ድምፅ ከራሳችን በላይ ተሰማ፣ በሩም ተከፍቶ ተዘጋ።

«ሃርቪ! ስብሰባው አልተዘጋም እኮ!» አሉ ወይዘሮ ቬርና፣ ቃጭሉን ወደ ጣሪያው ደውለው። ቅልንግ! ቅልንግ! የተመለሰ አልነበረም። «ምን ሆነ ይሄ ሰው? ዓሣ ትዝ ብሎት ይሆናል።»

ክበቡም ማብራሪያውን በሙሉ ድምፅ ተቀብሎ ወደ ኬኩ ተመለሰ።