የእትዬ ወለተ ኪዳን እንቁራሪት

የእትዬ ወለተ ኪዳን እጆች ከስንዴው እንክርዳድ ሲለቅሙ፣ አፋቸው ከእኛ ወሬ ስሕተት ይለቅማል። በየሰፈሩ ሁሉን ቀድሞ የሚያውቅ አንድ ሰው አይጠፋም፤ ለእኛ ሰፈር፣ ለሹም አቦ፣ የደረሱን እሳቸው ናቸው። የጎረቤት ልጅ ስታረግዝ፣ «ዱሮውንም አውቄዋለሁ!» መብራት ጠፍቶ ወጥ ሲበላሽብን፣ «ዱሮውንም አውቄዋለሁ!» አዲሱን የዓባይ ድልድይ እንኳ፣ መሐንዲሶቹ ሳያስቡት በሕልማቸው ተሻግረውታል።

ባለፈው ዓመት ጥር ላይ የግቢያችን ተከራይ ሀዲስ፣ የኮሌጅ መምህሩ፣ ስልኩን ከፍቶ አውራ ጣት የማታህል እንቁራሪት አሳየን።

«አዲስ ዝርያ ናት! ባልደረቦቼ ከተራራ ደን አገኟት። በዓለም ላይ ያለችው አንድ ምንጭ ውስጥ ብቻ ነው።»

«ለማን ነው አዲስ?» አሉ እትዬ፣ ቀና ሳይሉ። «በእኛ አገር ምንጭም ሞልታለች። እሷ ካልጮኸች ውኃ አንቀዳም ነበር። ‹ዝም ካለች እንስራሽን ይዘሽ ተመለሽ› ነበር የምትለኝ እናቴ።»

«ክርስትና ያነሷትም እርስዎ ይሆናሉ!» አልሁ። ግቢው አውካካ።

«ሳቂ አንቺ! ሀዲስ ልጄ፣ ውሰደኝና ላሳይህ።»

«በሚቀጥለው ቅዳሜ፣ እትዬ» አለ ሳቁን እየዋጠ።

እትዬ ሦስት ቅዳሜ ስንቃቸውን ቋጥረው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው በር ላይ ተቀምጠው ጠበቁት። በአራተኛው ተዉት።

ሚያዝያ ላይ ያ «በዓለም አንድ» የተባለው ምንጭ ደረቀ። ሀዲስ እየሮጠ መጣ። «እትዬ፣ የእርስዎ ምንጭ የት ነበር?» በማግስቱ ሦስታችንም ሄድን።

የእትዬ ምንጭ በሲሚንቶ ተደፍኖ ቦኖ ተተክሎበታል። ሴቶች ጀሪካን አሰልፈው ይቀዳሉ። ንጹሕ ውኃ ነው፤ ማን ይጠላዋል?

«ከተሠራ ወር አልሞላውም» አለች አንዷ።

«እንቁራሪቶቹስ?» አላት ሀዲስ።

«በአካፋ ጠርገው ጣሏቸዋ! ማን ተዉ ይበላቸው?»

እትዬ ጆሯቸውን ሲሚንቶው ላይ አስጠግተው ብዙ ቆዩ። «ነግሬያችሁ ነበር» ይሉናል ብዬ ጠበቅሁ። አላሉም። ቢሰድቡኝ በቀለለኝ። ከዚያ ወዲህ ምንም ቢወራ አንገታቸውን ደፍተው ይሰማሉ እንጂ አያርሙንም፤ የግቢያችን ወሬም ጨው አልባ ሆኗል።

ደን አጠገብ የምትኖሩ፣ ከምንጭ የምትቀዱ ሰዎች፤ የእንቁራሪቷ ድምፅ፣ እትዬ እንዳሉኝ፣ ሁለት ጠጠር ሲጋጭ ይመስላል። ከሰማችሁ፣ እባካችሁ፣ ለኮሌጁም ለጋዜጣውም ሳትናገሩ፣ ከሰው ሁሉ አስቀድማችሁ ለእትዬ ወለተ ኪዳን ንገሩልኝ።